ወንዝ ዳር ለቆማችሁ፣ ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁ

ስሙኝ ልጆቼ። ዛሬ ምርቃት አታገኙም፤ ምርቃቱ ለአውደ ዓመት ይቆየን። ዛሬ የመጣሁት ልገሥጻችሁ ነው። ቢመርራችሁም ዋጡት፤ ከሽማግሌ አፍ የሚወጣ ቃል ከጉማራ ውኃ ጋር ወደ ጣና ከሚወርደው መርዝ አይመርርም።

ከአንተ ልጀምር፣ ከፎገራው ሽንኩርትና ቲማቲም አምራች። ማለዳ ወንዝ ዳር ስትቆም አይቼሃለሁ። የውኃ መሳቢያው ሞተር ይጮኻል፤ አንተ ከኪስህ ትንሿን ጠርሙስ አውጥተህ ክዳኗን በጥርስህ ትከፍታለህ። በዚያችው ክዳን ትለካለህ፤ አንድ ክዳን በቂ ነው ከተባልክ ሁለት ትጨምራለህ። የፈንገሱንና የትሉን መርዝ፣ አንዳንዴም ስሙን የማታውቀውን ሦስተኛ፣ በአንድ መርጫ ውስጥ ትደባልቃለህ። በእንጨት ታማስለዋለህ፤ እንጨት ካጣህ እጅህ አለ። አፍህን በጋቢህ ጫፍ ሸፍነህ በባዶ እግርህ እርጥቡ መደብ ውስጥ ትገባለህ። ገና አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅህ በጀሪካን ውኃ ያቀብልሃል። ስትጨርስ መርጫውን የምታጥበው እዚያው ወንዝ ውስጥ ነው፤ ከታች በኩል ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፣ ከብቶች አጎንብሰው ይጠጣሉ። ማታ በዚያው ልብስህ ልጅህን ታቅፋለህ።

የምትነካው ምን እንደሆነ የነገረህ ሰው ከሌለ እኔ ልንገርህ። ማላታይዮን፣ ፕሮፌኖፎስ፣ ዳይሜቶኤት የሚባሉት የአንድ ወገን መርዞች ናቸው። ትሉን የሚገድሉት ነርቩን ይዘው ነው፤ የአንተም ነርቭ በዚያው መንገድ ይሠራል። በአፍ ብቻ አይገቡም፤ በቆዳም በትንፋሽም ይገባሉ። ከርጭት ስትመለስ ላብ ሲያጠምቅህ፣ ምራቅህ ሲበዛ፣ ዓይንህ ሲደበዝዝ፣ ሥጋህ በራሱ ሲንቀጠቀጥ «ፀሐይ መትቶኝ ነው» ትልና ወተት ጠጥተህ ትተኛለህ። ፀሐይ አይደለም። ወተትም አያድንህም። ጠርሙሱን ይዘህ ሮጠህ መግባት ያለብህ ጤና ጣቢያ ነው።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ደግሞ ልናገር። ሁላችሁም ናችሁ አልልም፤ የሚያደርገው ራሱን ያውቃል። ለቤትህ የሚሆነውን ሽንኩርትና ቃሪያ ጓሮህ ውስጥ ለይተህ ትተክላለህ፤ እዚያ መርጫ አታስገባም። ሐሙስ የረጨኸውን ቲማቲም ግን ዓርብ ለቅመህ ለወረታ፣ ለባሕር ዳር፣ ለጎንደር ገበያ ትጭነዋለህ። ከርጭት በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ አንተ የምትቆጥረው ግን የደላላውን መኪና ቀጠሮ ነው። ለልጅህ ያልፈቀድከውን ለሰው ልጅ ማብላት ኃጢአት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን በአንተ ላይ ብቻ ጮኼ ብሄድ ፍርድ ማጓደል ይሆንብኛል። መሬቱን የተከራየኸው በብድር ነው። ዘሩ፣ ነዳጁ፣ የቀን ሠራተኛው ዋጋ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ይወጣል፤ የምርቱን ዋጋ የሚቆርጥልህ ደላላ ነው። ቱታ አብሶሉታ የሚሉት የቲማቲም ትል እ.ኤ.አ. በ2012 አገራችን ከታየ ወዲህ አንድ ሙሉ ማሳ ዓይናችን እያየ ሲደርቅ ተመልክተናል። ትል መርዝ ይለምዳል። ዘንድሮ የተረፈው የከርሞውን ይወልዳል፤ ትሉን ይበሉ የነበሩት ሸረሪትና ጥንዚዛ ግን በመጀመሪያው ርጭት ያልቃሉ። ከዚያ አንተ መጠኑን ትጨምራለህ፣ ትሉም ይብስበታል። በዚህ ሁሉ ጭንቀት መሀል የሚያማክርህ ማን ነው? መርዙን የሸጠልህ ሰው!

አንድ የእርቅ ጉዳይ ላንሣ። ስም አልጠራም፤ የታረቁ ሰዎች ናቸውና። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ማር ሊቆረጥ ሲል፣ የአንድ ንብ አናቢ ቀፎዎች አለቁ። ንቦቹ በቀፎው አፍ ሥር ተከምረዋል፤ ገሚሶቹ በጀርባቸው ወድቀው ይሽከረከራሉ፣ መብረር አቅቷቸዋል። ጎረቤቱ ማለዳ፣ ልክ ንብ ለቀሰም በምትወጣበት ሰዓት፣ አበባ ላይ ያለ ባቄላ ረጭቶ ኖሯል። ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ረጪው «ሻጩ ንብ አይነካም ብሎኛል» አለ። ሻጩን አስጠራን፤ እሱም «እኔ ከአከፋፋይ አምጥቼ ነው የምሸጠው፣ የተጻፈውን ማንበብ አልችልም» አለ። ጠርሙሱን አስመጣን። በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነው። አንድ ተማሪ ጠርተን አስነበብነው፤ ለንብ አደገኛ መሆኑንና አበባ ላይ እንዳይረጭ የሚከለክል ሆኖ ተገኘ። ረጪው ካሣ ከፈለ፣ አናቢው ተቀበለ፣ ተሳሳሙ።

እኔ ግን ፍርዱ ጎድሎ ታየኝ። ዛፉ ሥር መቀመጥ የነበረባቸው ሰዎች ቀርተዋል። ያን ጠርሙስ ወደ አገር ያስገባው የለም። ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ተጽፎ እንዲሸጥ ያሳለፈው የለም። ያን ሱቅ አንድ ቀን እንኳ ገብቶ ሳያይ ደመወዙን የሚበላው የለም። ድሀ ለድሀ ካሠ፤ ሌላው በሰላም ቤቱ አደረ። የዛሬው ተግሣጼ ዋናው ክፍል ለነዚህ ለቀሩት ነው።

ወደ እናንተ ወደ ቀራችሁት ከመድረሴ በፊት የጠፋው ነገር ዋጋ ይታወቅልኝ። ንብ የአናቢው ብቻ አይደለችም። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ አይዝም፤ ከሌላው ተክል ዱቄት አምጥታ የምታዳቅለው ንብ ናት። ንብ በሌለችበት የኑግ ማሳ ዘይት አይጠበቅም። በጤፍና በስንዴ ላይ የሚረጨው ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መርዝ ደግሞ ሰፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ያደርቃል፤ ከአረሙ ጋር በድንበሩ ላይ የሚፈካውን አደይ አበባም ይወስደዋል። የጥቅምትና የኅዳር ማር ከዚያ አበባ ነበር። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት እያላችሁ በየስብሰባው ታጨበጭባላችሁ፤ ንቧን ምን እያበላችኋት እንደሆነ ግን አንድ ቀን አጀንዳ አትይዙለትም።

ጣናም እንዲሁ ነው። ላቤዮባርበስ ከሚባለው የዓሣ ወገን በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ለመጣል ጉማራንና ርብን ሽቅብ ይወጣሉ። መርጫ የሚታጠብበት ወንዝ ማለት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ሐይቁን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል። በዚያ መዝገብ የኮራችሁትን ያህል ከወንዙ ዳር ጥቂት እርምጃ እንኳ ሳይታረስና ሳይረጭ እንዲቀር አድርጋችኋል?

የሰውንም ልንገራችሁ። በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች ተመራማሪዎች የእናት ጡት ወተትና የላም ወተት መርምረው ዲዲቲ አግኝተውበታል፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ዲዲቲ ለወባ ትንኝ ተብሎ የተፈቀደ ነበር፤ ለእርሻ አልነበረም። ነገር ግን ለግድግዳ የመጣው በጓሮ በር ወጥቶ ጫት ላይ ሲረጭ አገር ሁሉ ያውቅ ነበር። እናት ለልጇ ከዚያ የነጻ ምን ልትሰጠው ኖሯል?

እናቶች ሆይ፣ እናንተንም በዚሁ ላስጠንቅቅ። ነቀዝ እንዳይበላው እህሉ ውስጥ የምትጨምሩት ኪኒን እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ይሆናል፤ ያ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ከረጢቱ ካለበት ቤት ልጅ አታስተኙ። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነቀዙን ያለ ኪኒን አፍኖ ይገድለዋል፤ እሱን ጠይቁ፣ ቀበሌውም እንዲያቀርብላችሁ አስጨንቁት። የመርዝ ጠርሙስ ደግሞ አልጋ ሥር አይቀመጥም። በአንድ ሰዓት ንዴት፣ በአንድ ሌሊት ሐዘን ተሸንፈው፣ እቤት ውስጥ ጠርሙሱ ባይኖር ኖሮ ዛሬም አብረውን ይኖሩ የነበሩ ልጆችን ቀብረናል።

አንተ ነጋዴ ተነሥ! አንድ ሊትሩን በሃይላንድ ጠርሙስ እየቆረስክ የምትሸጠው አንተ ነህ። ውኃ የመሰለውን ልጅ ቢጠጣው ምን ልትመልስ ነው? በትክክለኛው ዕቃ ላይ የቀለም ምልክት አለ፤ ቀዩ እጅግ መርዛማ፣ ቢጫው ቀጥሎ ያለው፣ ከዚያ ሰማያዊና አረንጓዴ። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ቀለም ያያል። አንተ ያን ምልክት ቀደህ ጥለህ ባዶ ጠርሙስ ትሰጠዋለህ። ጊዜው ያለፈበትንም ከጓዳ እያወጣህ ትቀላቅላለህ። ሚዛን ሰርቀህ ቢሆን ኖሮ በአንድ ኩንታል ትክሰው ነበር፤ ለዚህ ግን የምትክሰው የለህም።

አሁን ወደ እናንተ፣ ማኅተም ወደያዛችሁት። ሕግ የለንም እንዳትሉኝ፤ አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥ፣ እንዳይረጭ ይከለክላል። ከዚያ በፊትም በ1995 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር የሰው ሁሉ መብት ነው ብሏል። እንደ ዲዲቲ ያሉ ለረጅም ጊዜ የማይጠፉ መርዞችን የሚገድበውን የስቶክሆልም ስምምነት ፈርማችሁ አጽድቃችኋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በሞንትሪያል ዓለም የተስማማበት የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍ ከፀረ ተባይና ከአደገኛ ኬሚካል የሚመጣውን ጉዳት እስከ 2030 ቢያንስ በግማሽ እንቀንስ ይላል፤ እናንተም የዚያ ስምምነት አባል ናችሁ። ወረቀቱ ሞልቷል። ጠባቂው የት አለ? ተቆጣጣሪ ተብሎ የተሾመው ወጣት መኪና የለው፣ ናሙና የሚልክበት ቤተ ሙከራ የለው፣ ሱቅ ቢዘጋ በማግሥቱ ስልክ ተደውሎ ይከፈትበታል። ሰው ሲሞት ደግሞ ኮሚቴ ታቋቁማላችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል አባቶቻችን።

ለዚህ ነገር እንግዳ አይደላችሁም። ለአንበጣ፣ ለወባ፣ ለመንግሥት እርሻ እየተባለ በግዥም በእርዳታም የገባ መርዝ በየመጋዘኑ ዘመን አልፎበት፣ በርሜሉ ዝጎ፣ መሬት ውስጥ እየሰረገ ለዓመታት ተኝቶ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ተለቅሞ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ፊንላንድ ድረስ ተወስዶ ነው የተቃጠለው። እዚህ ማቃጠያ ስላልነበረን። ወጪውንም የሸፈኑልን ለጋሾች ናቸው። መርዝ ሲገዛ ርካሽ ይመስላል፤ ማውጣቱ ግን ያን ያህል ያስከፍላል። ይህን በዓይኑ ያየ መንግሥት በር ላይ ዘበኛ ማቆም ለምን ይከብደዋል?

በውጭ ያሉትንም ልለፋቸው አልችልም። ፓራኳት የሚባለውን የአረም መርዝ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ከገበያው አስወጥቶታል፤ እንግሊዝ አገር ያለ ፋብሪካ ግን ከዚያ በኋላም እያመረተ ለድሀ አገሮች ሸጧል። ለልጃቸው ያልፈቀዱትን ለሰው ልጅ ይሸጣሉ፤ የጓሮው ሽንኩርት ነገር እዚያም አለ። ነገር ግን ወደ ቤታችን የሚገባውን የመምረጡ ሥልጣን የእኛ ነው፤ በእነሱ ማሳበብ ከበራችን አያድነንም።

«መርዙን ከቀነስን ረሀብ ይመጣል» የምትሉኝን ሰምቻለሁ። ኢንዶኔዢያን ተመልከቱ። ሩዛቸውን የሚያጠፋ ቡናማ ፌንጣ መሰል ተባይ መጣባቸው፤ መንግሥት መርዙን በድጎማ እያረከሰ ሲያስረጭ ተባዩ ባሰበት፤ የሚበሉት ሸረሪቶች አልቀው ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1986 ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ በአንድ ትእዛዝ 57 ዓይነት ፀረ ተባይ በሩዝ ላይ እንዳይረጭ ከለከሉ፤ ድጎማውም በጥቂት ዓመት ውስጥ ተነሣ፤ ገበሬው ማሳው ላይ ተቀምጦ ነፍሳትን እንዲለይ በመስክ ትምህርት ቤት ሠለጠነ። መርዙ ቀነሰ፣ ሩዙ አልቀነሰም። ለፎገራ፣ ለሩዝ አገር፣ ከዚህ የቀረበ ምስክር ከየት ላምጣ?

ሲሪላንካ ሁለት ነገር ታስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1995 እጅግ መርዛማ የሆኑትን፣ በ1998 ደግሞ ኢንዶሰልፋንን ከገበያ አስወጣች። በቀጣዮቹ 10 ዓመታት ራሱን የሚያጠፋው ሰው ቁጥር በግማሽ ያህል ወረደ፤ የእርሻው ምርት ግን በዚያ የተነሣ አልወደቀም። ይህችው አገር በ2021 ማዳበሪያውንም ፀረ ተባዩንም በአንድ ጀምበር አልቀበልም ስትል ግን ገበሬዋ ያለ ዝግጅት ቀረ፣ የሩዝ ምርት አሽቆለቆለ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ትእዛዙ ተነሣ። ስለዚህ ነገ ጠዋት ሁሉን ዝጉ አልላችሁም። እንዲህ ያለ ችኮላ መጨረሻው ገበሬውን እንደገና ወደ መርዝ ሻጩ መመለስ ነው። የምላችሁ ገዳዮቹን አስቀድማችሁ አውጡ፣ ለገበሬው ምትኩን በእጁ አስጨብጡ ነው።

ምትክ የለም የሚለውን ሰበብ አልሰማም። በአርባ ምንጭ ዙሪያ የጥጥ ገበሬዎች ፓን ኢትዮጵያ ከሚባለው ድርጅት ጋር ሆነው ተባዩን የሚበሉ ነፍሳትን የሚስብ ምግብ ይረጫሉ፤ መርዝ ከመርጨታቸው በፊት ማሳቸውን ይቆጥራሉ፤ ጥጣቸውም ያፈራል። በበቆሎ መሀል ዴስሞዲየም፣ ዙሪያውን የዝሆን ሣር የተከለ ገበሬ አገዳ ቆርቁሩን ያባርራል፣ አቀንጭራውን ይቀንሳል፣ ለላሙም መኖ ያገኛል። በ2009 ዓ.ም. መጤ ተምች በሸካ በኩል ሲገባ ስንቱ ገበሬ ነው ቤተሰቡን ይዞ በእጁ እየለቀመ ያዳነው! ያ ድካም ነው፤ ድካሙን የሚያቀል እውቀትና ገንዘብ ማምጣት የእናንተ ሥራ ነው። የግብርና ባለሙያውን ለስብሰባ፣ ለመዋጮና ለሪፖርት ስታሯሩጡት ዋላችሁ፤ ማሳ ላይ ባዶ ያስቀራችሁትን ቦታ መርዝ ሻጩ ያዘው።

ባለሙያ ልጄ፣ አንተም አትደበቅ። ገበሬው «ምን ልርጭ?» ሲልህ የጠርሙስ ስም ጽፈህ አትስጠው። ቅጠሉን ገልብጥ፣ ትሉን አሳየው፣ የሚበላውንም ጠላቱን አሳየው። ከሱቁ ኮሚሽን የምትቀበል ካለህ ደግሞ ሙያህን ሸጠሃል፤ ይህን ፊት ለፊት እነግርሃለሁ።

እንግዲህ ኃላፊዎች፣ ከእናንተ የምንፈልገውን በግልጽ ልናገር። ቀይ ምልክት ያለበት መርዝ በወረዳችን ሱቅ እንዳይገኝ። ዕቃው ሁሉ በአማርኛ፣ እንደየአካባቢውም በሕዝቡ ቋንቋ ይጻፍበት። ሻጩ የሠለጠነ ይሁን፤ በሃይላንድ የሚቆርስ ከተገኘ ፈቃዱ ይቀማ፣ ስልክ ቢደወልም አይመለስ። ጉማራና ርብ ዳር መርጫ ማጠብ ይከልከል፤ ለማጠቢያ የሚሆን ቦታ ግን አብራችሁ አዘጋጁ፣ አለዚያ ክልከላው ቅጣት ብቻ ይሆናል። ባዶ ጠርሙሱን ያስመጣው ድርጅት ይሰብስብ። በባሕር ዳር ገበያ የቲማቲም ናሙና ይወሰድ፣ ውጤቱ ለሕዝብ ይነገር። ከመርዙ ቀረጥ ተወስዶ ለመስክ ትምህርት ቤት ይዋል። ሳይረጭ ወይም ቀንሶ ረጭቶ ያመረተው ገበሬ የተሻለ ዋጋ የሚያገኝበት መደብ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይከፈት፤ የመጀመሪያው ዓመት ምርቱ ቢቀንስበት ብድሩ ይራዘምለት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

የመስኖው ሥራ ጥቅምት ላይ ይጀመራል። ከዚያ በፊት የተፈቀዱትንና የተከለከሉትን ዝርዝር በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ለጥፉልን፤ የተቆጣጣሪውንም ስልክ ከሥሩ ጻፉ። እስከ መስከረም መጨረሻ ካልተለጠፈ እኛ ሽማግሌዎች ንብ አናቢዎቹን፣ ዓሣ አስጋሪዎቹን፣ እናቶቹንም አስከትለን ወረዳው ድረስ እንመጣለን። ያን ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ብላችሁ አታስመልሱንም፤ ወንበራችንን ይዘን ነው የምንመጣው።